ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱ ጨመረ፦ የቼዝ ኮምፒውተሮችና የሰው ሻምፒዮኖች ከ1950 ወዲህ

የቼዝ ኮምፒውተርና የሰው ፉክክር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ዓመት 1997 ነው። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ማሽን የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ኒው ዮርክ ላይ አሸነፈ። ጋዜጦችም አንድ ቁጥር ይዘው አልለቅ አሉ፤ ማሽኑ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ይመረምራል። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ፖኬት ፍሪትዝ 4 የተባለ ፕሮግራም የተጫነበት የእጅ ስልክ ቦነስ አይረስ ላይ ኮፓ ሜርኮሱር በተባለ ውድድር ከሰዎች ጋር ተሰለፈ። ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጣ፤ ለውድድሩ የተሰላለት የአፈጻጸም ነጥብም 2898 ሆነ። ተጋጣሚዎቹ የዓለም ቁንጮዎች እንዳልነበሩ እርግጥ ነው። ቢሆንም ስልኩ በሰከንድ የሚመረምረው ከ20 ሺህ ያነሰ አቀማመጥ ነበር፤ የዲፕ ብሉን አንድ አሥር ሺሕኛ እንኳ አይሞላም።

ማሽኑ ሰውን የበለጠው በመቁጠር ፍጥነቱ ነው የሚለው አባባል ለመጀመሪያዎቹ 40 ዓመታት ያህል እውነት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አቅጣጫ ቀየረ፤ የተለመደው ትረካ ግን 1997 ላይ ቆሞ ቀረ።

መነሻው በ1950 ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተር ቼዝ የሚጫወትበትን ሁለት መንገድ አቀረበ። አንደኛው ማንኛውንም እርምጃ ሳይንቁ ሁሉንም እስከተወሰነ ጥልቀት መመርመርና መጨረሻ ላይ ለተገኘው አቀማመጥ ነጥብ መስጠት ነው። ሁለተኛው ሰው እንደሚያደርገው ተስፋ የሚጣልባቸውን ጥቂት እርምጃዎች መርጦ እነሱን ብቻ በጥልቀት መከተል ነው። የሻነን ልብ ያደላው ወደ ሁለተኛው ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ አቀማመጥ ላይ በአማካይ 30 ያህል አማራጭ እርምጃ ካለ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ መንገድ ይፈጠራል። (በነገራችን ላይ ይህ ስሌት ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ በሚለው ሕግ ላይ የቆመ ነው። በእኛ በጥንቱ ሰንጠረዥ፣ ‹ወረራ› በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደየቅልጥፍናቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ሻነን የኛን ጨዋታ ይዞ ቢነሳ ኖሮ ስሌቱን ሌላ ቦታ መጀመር ግድ ይለው ነበር።)

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ለሳቅ የቀረቡ ናቸው። በ1952 አላን ቱሪንግ ፕሮግራሙን የሚያስኬድለት ማሽን ስላጣ ራሱ ማሽን ሆኖ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት እያሰላ፣ አሊክ ግሌኒ ከተባለ ባልደረባው ጋር ተጫወተና በ29ኛው እርምጃ ተሸነፈ። በ1967 ከኤምአይቲ የወጣው ማክ ሃክ ከሰዎች ጋር በይፋዊ ውድድር ተሰለፈ፤ ደረጃው የመካከለኛ አማተር ነበር። ያም ሆኖ ኮምፒውተሮችን ሲያጣጥል የነበረውን ፈላስፋ ሁበርት ድራይፈስን ረትቶ ብዙዎችን አስደስቷል።

ያን ዘመን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ውርርድ ነው። በ1968 ዴቪድ ሌቪ የተባለ የስኮትላንድ ሻምፒዮን በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት ማንኛውም ኮምፒውተር በግጥሚያ አያሸንፈኝም ሲል ከጆን ማካርቲ ጋር በ500 ፓውንድ ተወራረደ። ማካርቲ ‹አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ› የሚለውን ስያሜ ያወጣው ሰው ነው። ሌሎች ምሁራንም ገቡበትና ውርርዱ 1,250 ፓውንድ ደረሰ። ቀጠሮው ሲደርስ፣ በ1978፣ ሌቪ ቶሮንቶ ላይ ቼስ 4.7 ከተባለው ጠንካራ ፕሮግራም ጋር ተቀምጦ 3.5 ለ 1.5 ረታ። ብልሃቱ ቀላል ነበር። ምንም አያደርግም። ወታደሮቹን ደርድሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማሽኑ ዕቅድ አጥቶ ራሱን እስኪያበላሽ ይጠብቃል። የተሸነፈበትን አንድ ጨዋታ የተሸነፈው ይህን ትቶ በግልጽ ፍልሚያ ሊገጥመው በሞከረ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ሩቅ የማያይ ቢሆንም በቅርቡ ያለውን ፈጽሞ አይስትም፤ ይህ ድክመትና ብርታት ለሚቀጥሉት 25 ዓመታት የሰዎች ሁሉ ስልት መሠረት ሆነ።

የሻነንን ሁለተኛ መንገድ የመረጡ ሰዎች በዚህ ጊዜ ወድቀው ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሚኻይል ቦትቪኒክ ነው። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበርና እንደ ጌታ ተጫዋች የሚያስብ ፕሮግራም ለመሥራት ረጅም ዓመታት ደከመ፤ ለውድድር የበቃ ተጫዋች ግን ሳይወጣው ቀረ። በአንጻሩ የዩኒክስ አባት ኬን ቶምፕሰን በቤል ላቦራቶሪ ከጆ ኮንደን ጋር የሠራት ቤል የተባለች ማሽን ለቼዝ ብቻ የተሠራ ሃርድዌር ነበራት፤ በሰከንድ 160 ሺህ ያህል አቀማመጥ ትመረምር ነበር። በ1983 በአሜሪካ የማስተርነት ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ ማሽን ሆነች። ቶምፕሰን ማሽኗን ከራሷ ጋር በተለያየ ጥልቀት እያጋጠመ ባደረገው ሙከራ፣ አንድ እርምጃ ጠልቆ ማየት 200 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነጥብ እንደሚጨምር አየ። ከዚህ ወዲያ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደ ፍጥነት ሮጠ፤ ማን ይፈርድበታል?

ስለ ቶምፕሰን አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ንግሥት ብቻዋን ከግንብ ጋር የምትፋጠጥበትን የጨዋታ ማብቂያ እያንዳንዱን አቀማመጥ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየሠራ አንድ በአንድ አስቆጠረ። መጻሕፍቱ ይህን ማብቂያ ለባለ ንግሥቷ ቀላል ድል ነው ይሉ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ብራውን የተባለው የአሜሪካ ሻምፒዮን ንግሥቷን ይዞ፣ ግንቡን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ አሸንፋለሁ ብሎ ገንዘብ አሲይዞ ገባ። ማሽኑ ሰው የማያስባቸውን መከላከያዎች፣ ግንቡን ከንጉሡ ማራቅን ጭምር፣ እያመጣ አደናገረውና ሕጉ በፈቀደው 50 እርምጃ ሳያሸንፍ ቀረ። ብራውን ቤቱ ገብቶ አጥንቶ ተመለሰ። በሁለተኛው ሙከራ ልክ በ50ኛው እርምጃ ግንቡን በላ። ለኔ ይህች ትንሽ ክስተት ከብዙ ታላላቅ ግጥሚያዎች ትበልጣለች፤ ማሽኑ ሊቃውንቱ አውቀነዋል ብለው የዘጉትን ነገር መልሶ የከፈተበት የመጀመሪያው ጊዜ ነውና።

ከዚህ ወዲያ የማሽኖቹ መውጣት ፈጣን ነው። በ1985 ካስፓሮቭ ሀምቡርግ ላይ 32 የገበያ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ ገጥሞ ሁሉንም ረታ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ዲፕ ሶውት በካሊፎርኒያ የዴንማርኩን ታላቅ ግራንድማስተር ቤንት ላርሰንን አሸነፈ። በ1989 ካስፓሮቭ ይህንኑ ማሽን 2 ለ 0 ቀጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የውርርዱ ሰው ሌቪ 4 ለ 0 ተደመሰሰበት። በ1994 ለንደን ላይ ቼስ ጂኒየስ የተባለ በተራ ፔንቲየም ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም በፈጣን ጨዋታ ካስፓሮቭን ከውድድር አስወጣው። የፍሬድኪን ሽልማት የሚባለው ገንዘብ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወጣ፤ ለቤል 5 ሺህ ዶላር፣ ለዲፕ ሶውት 10 ሺህ፣ ለዲፕ ብሉ 100 ሺህ።

ዲፕ ብሉ የዲፕ ሶውት ልጅ ነው። ታይዋን የተወለደው ፌንግ-ሺዩንግ ሹ፣ ሙሬይ ካምቤልና ጆ ሆን አይቢኤም ገብተው አሳደጉት። በፌብሩዋሪ 1996 ፊላደልፊያ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲያሸንፍ ዓለም ደነገጠ፤ በሥልጣን ላይ ያለ የዓለም ሻምፒዮን በመደበኛ ሰዓት በኮምፒውተር ሲረታ የመጀመሪያው ነበር። ካስፓሮቭ ግን ተረጋግቶ 4 ለ 2 ጨረሰው። በሜይ 1997 የተመለሰው ማሽን 480 ልዩ የቼዝ ቺፖች ነበሩት፣ ፍጥነቱም እጥፍ ሆኗል፤ በግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን ምክር ስለ ቼዝ ያለው ዕውቀትም ተሻሽሏል።

የግጥሚያው ሁኔታ እንደሚታወቀው ነው፤ ግን ዝርዝሩ ከቁጥሩ በላይ ይናገራል። አንደኛውን ጨዋታ ካስፓሮቭ አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ትርጉም የለሽ የሚመስል የግንብ እርምጃ ወስዶ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካምቤል እንዳስረዳው ፕሮግራሙ ውስጥ በነበረ ስህተት በዘፈቀደ የተወሰደ ነው። ካስፓሮቭ ግን ከጀርባው ጥልቅ ስሌት አለ ብሎ ሳይጨነቅበት አልቀረም ይባላል። በሁለተኛው ጨዋታ ማሽኑ ወታደር የሚበላበትን ዕድል ትቶ ሰው የሚመስል የተረጋጋ መጨቆኛ መረጠ። ካስፓሮቭ በ45ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ። በማግስቱ ተንታኞች ሲያዩት የሰጠው አቀማመጥ ንጉሡን ያለማቋረጥ ቼክ በማለት አቻ ሊወጣበት የሚችል ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ከጠረጴዛው ባሻገር የተቀመጠውን ሳይሆን በራሱ ምናብ የፈጠረውን ባላንጣ ነው የገጠመው። ሦስት አቻዎች ተከተሉ፤ ስድስተኛው ጨዋታ በ19 እርምጃ አለቀ፤ 3.5 ለ 2.5። የድጋሚ ግጥሚያ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፣ ማሽኑም ተነቃቅሎ ሙዚየም ገባ።

እንግዲህ ስድስት ጨዋታ የጥንካሬ መለኪያ ሊሆን ይችላል ወይ? በእኔ ግምት አይችልም። ማስረጃው ቀጣዮቹ ዓመታት ናቸው። በ2002 ባህሬን ላይ ካስፓሮቭን የተካው ቭላዲሚር ክራምኒክ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ተጫውቶ ከአራት ጨዋታ በኋላ 3 ለ 1 ይመራ ነበር፤ ሁለት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ 4 ለ 4 ተለያዩ። በ2003 ካስፓሮቭ ከዲፕ ጁኒየር ጋር 3 ለ 3፣ ከዚያም ከፍሪትዝ ጋር 2 ለ 2 ወጣ። ማሽኑ በ1997 አንዴ ካለፈ ከስድስት ዓመት በኋላ እነዚህ አቻዎች ከየት መጡ? ሰውና ማሽን እስከ 2003 ድረስ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር ማለት ይቀላል።

የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በፍጥነትም ተለያዩ። በ2005 ዋና መቀመጫውን አቡዳቢ ያደረገው ሃይድራ የተባለ ማሽን በወቅቱ ከዓለም ሰባተኛ የነበረውን እንግሊዛዊ ማይክል አዳምስን ለንደን ላይ 5.5 ለ 0.5 አሸነፈ። በ2006 መጨረሻ ቦን ከተማ ክራምኒክ እንደገና ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ተቀመጠ፤ በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚደርስበትን ማት ሳያይ ራሱ ወደ ወጥመዱ ገባ፣ ግጥሚያውንም 4 ለ 2 ተሸነፈ። ሰዎች የሚያወሩት ያን አስደንጋጭ ስህተት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛው ያ ፕሮግራም በሰከንድ ይመረምር የነበረው ወደ 8 ሚሊዮን አቀማመጥ ነው። የዲፕ ብሉ 25ኛ እጅ። ከቦን ወዲህ በሥልጣን ላይ ያለ የዓለም ሻምፒዮን እኩል ለእኩል በሆነ መደበኛ ግጥሚያ ማሽን ፊት ቀርቦ አያውቅም።

ታዲያ ቁጥሩ እየቀነሰ ጉልበቱ እንዴት ጨመረ? መልሱ የሻነን ሁለተኛ መንገድ በጓሮ በር መመለሱ ነው። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች የማይረባውን ቅርንጫፍ ቶሎ መቁረጥ ተማሩ። ለምሳሌ ተጫዋቹ ተራውን ቢያልፍ እንኳ የሚበልጥ ከሆነ ያ መንገድ ብዙ አይመረመርም፤ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያሉ እርምጃዎች ደግሞ በጥልቀት አይታዩም። ስለዚህ ያው አንድ ሚሊዮን አቀማመጥ ከድሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ርቆ ለማየት ይበቃል። ቦትቪኒክ ፕሮግራሙ እንዲመርጥ የፈለገው በሊቅ ዓይን ነበር፤ እነዚህ ግን የሚመርጡት በሙከራ ነው። በ2008 የተጀመረው ስቶክፊሽ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዷ ትንሽ ማሻሻያ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ያለውን ኮምፒውተር ሰጥተው በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ያስጫውቱበታል፤ ማሻሻያው ነጥብ ካላመጣ ይጣላል።

ከዚያ 2017 መጣ። ዲፕማይንድ የሠራው አልፋዜሮ የጨዋታውን ሕግ ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረና ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ 28 ጊዜ አሸንፎ 72 ጊዜ አቻ ወጣ፤ አንድም አልተሸነፈም። በአራት ሰዓት ተማረ የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስደነቀ። ከሰዓቶቹ ጀርባ 5,000 ልዩ ፕሮሰሰሮች ጨዋታ ሲያመርቱ እንደነበር ግን ብዙም አልተወራም። ለስቶክፊሽ የተሰጠው ሁኔታም ፍትሐዊ አይደለም ተብሎ ተተቸ፤ በ2018 በተሻለ ሁኔታ 1,000 ጨዋታ ተደርጎ አልፋዜሮ 155 አሸንፎ በ6 ተሸነፈ። ፍጥነቱስ? በሰከንድ 60 ሺህ ያህል አቀማመጥ፣ ከስቶክፊሽ 60 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር። አንድ ሺህ እጥፍ ያነሰ።

በ2020 ስቶክፊሽ ራሱ ትንሽ የነርቭ መረብ አስገባ፤ ሐሳቡ የመጣው ከጃፓን ሾጊ ፕሮግራሞች ነው። የሚመረምረው ብዛት በእጅጉ ቀነሰ፤ ጥንካሬው ግን ከቀዳሚው እትም ከ100 ነጥብ በላይ ጨመረ። ይህን እያየ አሁንም ጉዳዩን በሚሊዮን የሚለካ ሰው ካለ የሚከራከረው ከ1983ቷ ቤል ጋር ነው።

ነጥብ ካነሳን ዘንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኢሎ የቀመረው ሬቲንግ የሚናገረው ስለ ልዩነት ብቻ ነው፤ 400 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከአሥር ነጥብ ዘጠኝ ያህሉን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። የሰው ልጅ ከፍተኛው መዝገብ ማግነስ ካርልሰን በ2014 የደረሰበት 2882 ነው። የዛሬ ምርጥ ፕሮግራሞች በራሳቸው ዝርዝር ከ3600 በላይ ይጻፍላቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ሚዛን አይደሉም። ፕሮግራሞቹ ነጥባቸውን የሚያገኙት እርስ በርስ ተጫውተው ነው፤ ከሰዎች ጋር በቁም ነገር ስለማይገናኙ ቁጥራቸውን ከእኛ ቁጥር ጋር የሚያስተሳስር ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል። ልዩነቱ ግዙፍ መሆኑ አያጠራጥርም፤ 700 ነው ብሎ መማል ግን አይቻልም።

የሰው ወገንስ? እሱም ቆሞ አልጠበቀም። ቦቢ ፊሸር በ1958 በ15 ዓመቱ ግራንድማስተር ሲሆን ተአምር ተባለ፤ በ2021 ክብረ ወሰኑ 12 ዓመት ከአራት ወር ደረሰ። ልጆቹ ያደጉት በየስልካቸው ከዓለም ሻምፒዮን የሚበልጥ አስተማሪ ይዘው ነው። ከአልፋዜሮ ጨዋታዎች ጥግ ላይ ያለውን ወታደር ወደ ተጋጣሚው ንጉሥ እየነዱ ማስጨነቅ ተለመደ፤ ካርልሰንም በ2019 ውድድሮችን በተከታታይ ሲያሸንፍ ከዚያ እንደተማረ ተናግሯል። ጉዳቱም አለ። በ2018 የካርልሰንና የካሩዋና የዓለም ሻምፒዮና 12ቱም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ አለቁ፤ ኮምፒውተር መጠቀም በሚፈቀድበት የደብዳቤ ቼዝማ በከፍተኛው ደረጃ አሸናፊ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። በ2019 አንድ ግራንድማስተር ስትራስቡርግ ላይ በውድድር መሀል መጸዳጃ ቤት ከስልክ ጋር ተይዞ ማዕረጉን ተገፈፈ። ፖኬት ፍሪትዝ ቦነስ አይረስ ላይ በይፋ የሠራውን በድብቅ መሞከሩ ነበር።

እኩል ለእኩል መጋጠም ትርጉም ሲያጣ የቀረው መለኪያ ማሽኑ ምን ያህል ጠጠር አጉድሎ ቢጀምር ይስተካከላል የሚለው ነው። በ2007 ሪብካ የተባለው ፕሮግራም በየጨዋታው አንድ ወታደር አጉድሎ ግራንድማስተር ያን ኤልቬስትን 5.5 ለ 2.5 አሸነፈ። በ2016 ኮሞዶ የተባለው ፕሮግራም ልዩ ልዩ ቅናሽ ሰጥቶ ሂካሩ ናካሙራን ገጠመ፤ ሦስቱ ጨዋታዎች አቻ ሆነው አራተኛውን ማሽኑ ወሰደ። ያኔ የነበረው ግምት ሙሉ ፈረስ መስጠት አይታሰብም የሚል ነበር። ፈረስ አጉድሎ የጀመረ ፕሮግራም ትክክለኛ ጨዋታ ቢጫወት ይሸነፋል፤ ስለዚህ ‹ምርጡን እርምጃ› መፈለግ አይጠቅመውም። ሊላ በተባለው ክፍት ፕሮግራም ላይ የሠሩ ሰዎች ለዚሁ ዓላማ ለይተው ያሠለጠኑት መረብ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ጠጠር መለዋወጥን ይሸሻል፣ አቀማመጡን ያወሳስባል፣ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ ያሸታል። ከ2024 ወዲህ በፈጣን ሰዓት ፈረስ እየሰጠ ግራንድማስተሮችን ያሸንፋል። ሰዓቱ ሲረዝም ሚዛኑ ወደ ሰው ያዘነብላል። ዛሬ ፉክክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አንድ ፈረስ ለመብለጥ ለሰው ስንት ደቂቃ ይበቃዋል በሚለው።